የፊታውራሪ ገበየሁ አደራ

የካቲት 16 ቀን በየዓመቱ የምትከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከምታከብራቸው የእመቤታችን በዓላት መካከል ከፍ ያለ ሥፍራ ያላት ናት። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም የልጇ መቃብር ወደሚገኝበት ወደ ጎልጎታ እየሄደች ስትጸልይ ከቆየች በኋላ፣ በስሟ ለሚማፀኑና መታሰቢያዋን ለሚያደርጉ ሁሉ የምሕረት ቃል ኪዳን የተቀበለችው በዚህች ዕለት መሆኑን የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ያስተምራሉ። ይህ ታላቅ ኪዳን የተሰጠው በቤተ መንግሥት አዳራሽ ወይም በከተማ አደባባይ ሳይሆን በመቃብር አጠገብ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ከዚህም የተነሣ ኪዳነ ምሕረት በሕያዋንና በሙታን መካከል ያለው አደራ የሚታሰብባት በዓል ናት ብንል ከእውነቱ የራቅን አይመስለንም።

ከዚህች በዓል ሰባት ቀን ቆይቶ ደግሞ የካቲት 23 ቀን፣ በወርኀዊው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ የአድዋ ድል ይታሰባል። እነዚህን ሁለት ዕለታት በአንድ ሰው ሕይወትና በአንድ ሰው መቃብር አስተሳስሮ የሚያሳየን ታሪክ አለ። እርሱም በአድዋ ጦርነት የወደቁት፣ አፅማቸውም በሰሜን ሸዋ በአንጎለላ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ያረፈው የፊታውራሪ ገበየሁ ታሪክ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የእኒህን ጀግና ሕይወት ባጭሩ እናወሳለን። ከዚያም ለአገር የሞተን ወታደር በክብር መቅበር ምን ማለት እንደሆነ፣ በተለይ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የሚኖሩ ቤተሰቦች ከሚያውቁት ኀዘን ጋር አያይዘን ለመመልከት እንሞክራለን።

ከቆላው ወደ ደጋው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የሚያውቅ ሰው የሁለቱን አገር ልዩነት ያውቃል። ሸዋ ሮቢት በሮቢ ወንዝ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ስትሆን፣ በዙሪያዋ ማሽላው፣ ጤፉ፣ ማሾውና በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት ይታያል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ሲናን አልፎ አቀበቱን ይያያዘዋል። በጠላት ወረራ ዘመን በተፈለፈለው በጣርማበር ዋሻ ውስጥ አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርዳማ ደጋ ላይ ይወጣል። ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ፣ ጫጫ ከመድረሱ በፊት ባለው ሜዳማ አገር በኩል የአንጎለላ ምድር ይገኛል።

አንጎለላ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር ቀጥሎ የመንግሥት መቀመጫ የነበረች፣ ኋላም በ1836 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የተወለዱባት ሥፍራ ናት። የፊታውራሪ ገበየሁም አገር ይህችው ናት። በመንገድ ብዛት ሲታይ ከሸዋ ሮቢት ሩቅ አይደለችም። የይፋት ቆላ፣ የመንዝና የተጉለት ደጋ፣ የቡልጋም ምድር በዚያ ዘመን በአንድ የሸዋ ጦር ሥር ልጆቻቸውን ያሰለፉ ጎረቤታሞች ነበሩ። ስለዚህ የአንጎለላው መቃብር ለይፋት ሰው የሩቅ አገር ታሪክ ሳይሆን የዘመድ መቃብር ነው።

ፊታውራሪ ማን ነበሩ?

ፊታውራሪ የሚለው የማዕረግ ስም ራሱ የሥራውን ጠባይ ይናገራል። ፊታውራሪ ማለት በጦር ፊት የሚሄድ፣ ከዋናው ሠራዊት ቀድሞ መንገድ የሚከፍት፣ የጠላትንም የመጀመሪያ ምት የሚቀበል አዛዥ ማለት ነው። በፈረስ ስማቸው አባ ጎራው የሚባሉት ገበየሁ የዐፄ ምኒልክ የመሀል ጦር ፊታውራሪ እንደመሆናቸው መጠን፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀድመው ሞትን ለመገናኘት የተሾሙ ሰው ነበሩ። ሹመቱ የክብር ቢሆንም ዕዳው ከባድ ነው። በኋላ ሆኖ ማዘዝ ለፊታውራሪ የተፈቀደ አልነበረምና።

በ1888 ዓ.ም. መግቢያ የኢጣልያ መንግሥት በውጫሌ ውል ሰበብ የኢትዮጵያን ነጻነት ለመድፈር ሠራዊቱን ወደ ትግራይ ባዘመተ ጊዜ፣ ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ አስነገሩ። ሠራዊቱም በጥቅምት ወር ወደ ወረኢሉ ተመመ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ የዘማቹ ሕዝብ አባት ሆነው አብረው ተጓዙ። የቅዱስ ጊዮርጊስም ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ዘመተ። በዚህ ጉዞ ውስጥ ፊታውራሪ ገበየሁ ከቀዳሚው ጦር ጋር ነበሩ።

የመጀመሪያው ትልቅ ግጥሚያ የተደረገው ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባላጌ ተራራ ላይ ነው። በዚያ ሥፍራ ማዦር ቶዜሊ የሚባለው የኢጣልያ መኮንን 2,000 ያህል ወታደሮችን ይዞ መሽጎ ነበር። የኢትዮጵያ ቀዳሚ ጦር የበላይ አዛዥ ራስ መኮንን ሲሆኑ፣ ጉዳዩ ያለ ደም መፋሰስ ያልቅ እንደሆነ በሚል ተስፋ መልእክት ይለዋወጡ ነበር። ነገር ግን ፊታውራሪ ገበየሁ የአዛዡን ፈቃድ ሳይጠብቁ ውጊያውን ከፈቱ። ውጊያው በኢትዮጵያውያን ድል አድራጊነት ተፈጸመ፤ ቶዜሊም ከአብዛኞቹ ወታደሮቹ ጋር በዚያው ወደቀ።

ድል ቢገኝም የጦር ሕግ ተጥሷል። በዚህም ምክንያት ፊታውራሪ ገበየሁ ከራስ መኮንን ዘንድ ብርቱ ወቀሳ እንደደረሰባቸው ይነገራል፤ ታስረው ነበር የሚሉም አሉ። እኛ ይህን የምናነሣው የጀግናውን ስም ለማጉደፍ አይደለም። ሰው ሁሉ ጉድለት አለበት፤ የፊታውራሪ ገበየሁም ጉድለት ከችኮላና ከድፍረት የመነጨ እንጂ ከፍርሃት የመጣ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሥርዓት የሌለው ጀግንነት ሠራዊትን ሊያስፈጅ እንደሚችል ራስ መኮንን ያውቁ ነበር። ፊታውራሪውም ወቀሳውን በልባቸው ይዘው ወደ ፊት ተጓዙ።

በጠላት ሬሳ ላይ የታየ ክብር

በአምባላጌ የተፈጸመ ሌላ ነገር ደግሞ ከዛሬው ርእሳችን ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ራስ መኮንን ከድሉ በኋላ የማዦር ቶዜሊን አስከሬን አስፈልገው በወታደር ሥርዓት፣ በክብር እንዲቀበር አደረጉ። ቶዜሊ አገር ሊወር የመጣ ጠላት ነበር። ነገር ግን ከሞተ በኋላ ከርሱ ጋር የሚደረግ ጠብ የለም። ሙት ፍርዱ በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ለሰው የሚቀረው ዕዳ አፈር ማልበስ ብቻ ነው።

ከአድዋ ድል በኋላም እንዲሁ ሆኗል። በዚያው በ1888 ዓ.ም. ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የኢጣልያ ወታደሮች ቡድን ያለ ጦርነት ወደ አድዋ መጥቶ በየሸለቆው የወደቁትን ወገኖቹን እንዲቀብር ከኢትዮጵያ በኩል ተፈቅዶለታል። በጦር ሜዳ ያሸነፈ ሕዝብ የተሸነፈውን ሰው መቃብር መከልከሉ ውርደት እንጂ ክብር እንደማይሆን አባቶቻችን በሥራ አሳይተዋል። ለጠላቱ ሬሳ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ ለራሱ ልጅ አፅም ምን ያህል ሊጠነቀቅ እንደሚገባው ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

ኑዛዜው

በጥር ወር 1888 ዓ.ም. የመቀሌው የኢጣልያ ምሽግ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ተይዞበት በመጨረሻ ከተለቀቀ በኋላ፣ ሠራዊቱ ወደ አድዋ ተጠጋ። የካቲት 16 ቀን የዋለችው በእሑድ ሲሆን፣ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። በዚያች የኪዳነ ምሕረት ዕለት የሁለቱ ወገን ሠራዊት በአድዋ አካባቢ ተፋጥጦ፣ ስንቅም እያለቀ ነበር። ከአንጎለላም፣ ከይፋትም፣ ከመንዝም የመጣው ዘማች በየአገሩ ያለችውን ደብርና የሚቀረውን ቤተሰቡን እያሰበ በዓሏን በጦር ሰፈር አሳለፈ።

ፊታውራሪ ገበየሁ ከጦርነቱ አስቀድሞ ለባልንጀሮቻቸው የሰጡት ኑዛዜ እስከ ዛሬ ድረስ በአገራቸው ይተረካል። እንደሚተረከው ከሆነ፣ ሲሸሹ ከጀርባቸው ተመትተው ቢገኙ አስከሬናቸውን ማንም እንዳያነሣው፣ በወደቀበት እንዲቀር ተናዘዙ። ፊት ለፊት ሲዋጉ ግንባራቸውን ወይም ደረታቸውን ተመትተው ቢገኙ ግን አፅማቸው ወደ አገራቸው ተወስዶ በደብራቸው እንዲያርፍ ባልንጀሮቻቸውን አደራ አሉ። ይህ ኑዛዜ መቃብርን የሥራ ደመወዝ ያደርገዋል። በርስትና በጉልት አልተናዘዙም። የአገር አፈር ለመልበስ የሚበቃ ሥራ ሠርተው እንደሆነ ብቻ ቁስላቸው እንዲመሰክርላቸው ጠየቁ።

የካቲት 23 ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ ቅዳሴ ላይ ሳሉ የጠላት መምጣት ተሰማ። ጀኔራል ባራቲየሪ 17,000 የሚሆን ሠራዊትና 56 መድፎች ይዞ በሌሊት ሲገሠግሥ አድሯል። ከፊት የቀደመው የጀኔራል አልቤርቶኔ ክፍለ ጦር ከሌሎቹ ተነጥሎ በመሄዱ የኢትዮጵያ ሠራዊት በማለዳ ተጋጠመው። በዚህ የማለዳ ውጊያ ፊታውራሪ ገበየሁ ከፊት ሆነው ሲዋጉ ወደቁ። ከሰዓት በኋላ ድሉ ሲታወጅ እርሳቸው አላዩትም። አልቤርቶኔ ተማርኮ፣ ሌሎቹ ሁለት ጀኔራሎች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞተው፣ የኢጣልያ ሠራዊት ወደ ኋላ ሲበተን የፊታውራሪው አስከሬን በአድዋ መሬት ላይ ነበር።

በዚያ ቀን ከኢትዮጵያ ወገን የወደቁት ብዙ ናቸው። ከ4,000 እስከ 6,000 የሚደርሱ እንደሆኑ ይገመታል። ከመኳንንቱ መካከል ደጃዝማች በሻህና ፊታውራሪ ዳምጠው ይገኙባቸዋል። ፊታውራሪ ዳምጠው ከአርባ ዓመት በኋላ በሁለተኛው የኢጣልያ ወረራ ጊዜ በአርበኝነት ሲታገሉ ቆይተው በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ የተገደሉት የራስ ደስታ አባት ናቸው። ከፊታውራሪ ገበየሁ ሞት በኋላ በሥፍራቸው ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ፊታውራሪ ተብለው ተሾሙ። እኒህም ኋላ የጦር ሚኒስትር ሆነው አገራቸውን ለረጅም ዘመን አገለገሉ። ሕዝቡም በሥነ ቃሉ የገበየሁን ሞትና የባልቻን መተካት አንድ ላይ አስተሳስሮ እስከ ዛሬ ይዘክራል።

አደራው የተፈጸመበት

ኑዛዜ ለመናገር ቀላል ነው፤ ለመፈጸም ግን አስቸጋሪ ነው። ከአድዋ እስከ አንጎለላ ያለው መንገድ በዚያ ዘመን በእግርና በበቅሎ የብዙ ሳምንታት ጉዞ የሚጠይቅ፣ ወንዝ የበዛበት፣ ተራራ የተደራረበበት ነው። የጦርነቱ ድካም ገና አልወጣም ነበር፤ ቁስለኛ መሸከም ነበረ፤ ስንቅ አልቋል። ስለሆነም ፊታውራሪው በመጀመሪያ ያረፉት በወደቁበት አገር ነው። ነገር ግን አደራው አልተረሳም። ዓመታት ካለፉ በኋላ አፅማቸው ከአድዋ ተነሥቶ ወደ አገራቸው እንደመጣና በአንጎለላ ኪዳነ ምሕረት እንዳረፈ ይታወቃል። ቁስሉ ከፊት እንጂ ከኋላ አልነበረምና ኑዛዜው ተፈጸመላቸው።

በአምባላጌ ከሥርዓት ወጡ ተብለው የተወቀሱት ሰው በአድዋ በሥርዓቱ መሠረት ከፊት ቆመው ሞቱ። በሕይወት ሳሉ የነበረባቸው ወቀሳ በመቃብራቸው ላይ አልተጻፈም። ሕዝቡ የያዘላቸው የመጨረሻ ሥራቸውን ነው። ይህም ለእኛ ትምህርት አለው። የሞተን ወታደር ለመቅበር ስንሄድ የሕይወቱን ጉድለት ልንቆጥር አንሄድም፤ ስለ እኛ የቆመባትን ሰዓት ልናከብር እንሄዳለን።

ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያነብ ክርስቲያን ይህን ታሪክ ሲሰማ ዮሴፍን ማስታወሱ አይቀርም። ዮሴፍ በግብፅ ሲሞት የእስራኤል ልጆች ከዚያ ሲወጡ አፅሙን ይዘው እንዲወጡ አስምሎአቸው ነበር። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ሙሴ በዚያች በመውጫዋ ሌሊት አፅሙን አልረሳም። በሴኬምም በአባቱ ርስት ተቀበረ። እንደዚሁም ንጉሥ ሳኦል በጊልቦዓ ተራራ ከልጆቹ ጋር በወደቀ ጊዜ፣ የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሁሉ ተጉዘው አስከሬኖቹን ከጠላት ቅጥር ላይ አውርደው በክብር ቀበሯቸው። ዳዊት በሳኦል እጅ ብዙ መከራ የተቀበለ ሰው ቢሆንም፣ ስለ ሠሩት የርኅራኄ ሥራ እነዚያን ሰዎች መረቃቸው። ጦቢትም በስደት አገር የወገኖቹን ሬሳ በመቅበሩ ከንጉሥ ቁጣ ላይ ወድቋል፤ እግዚአብሔር ግን ሥራውን ቈጥሮለታል። በእነዚህ ሁሉ ታሪኮች ውስጥ ሙትን መቅበር የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሃይማኖት ሥራ ሆኖ ይታያል።

ያልተመለሱት

ወደ ይፋት ቆላ ደግሞ እንመለስ። አንድ ፊታውራሪ ወደ ደብራቸው ተመለሱ፤ የተከተሏቸው ወታደሮች ግን አብዛኞቹ አልተመለሱም። ከሮቢ ወንዝ ዳር፣ ከጀውሃ በኩል፣ ከቀወትም ቀበሌዎች ወደ ሰሜን ዘምቶ በትግራይ ተራሮች ሥር የቀረው ባላገር ስሙ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ አፅሙም በበቅሎ አልተጫነም። እናቱና ሚስቱ የሰሙት መርዶውን ብቻ ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ኀዘን ሥርዓት ነበራቸው። ሬሳ በሌለበትም ልቅሶ ይደረግ ነበር። የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጦሩ ወይም ጠመንጃው ወጥቶ፣ ልብሱም ተይዞ በልቅሶው አደባባይ ይዞራል። አስለቃሹ የዘመተበትን አገርና የዋለበትን ውሎ እየጠቀሰ ሙሾ ያወርዳል፤ ወንዶቹ ይፎክራሉ። ካህናቱ ፍትሐቱን ያደርሳሉ፤ በአርባው፣ በሰማንያውና በዓመቱ ተዝካሩ ይወጣል። ሥጋው ሩቅ ቢሆን ነፍሱ ከጸሎት አልራቀችምና፣ ቤተሰቡ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሟቹን ከነክብሩ ወደ ቤቱ መለሰው ማለት ነው። መቃብር የሌለው ወታደር መታሰቢያ የለውም ማለት አይደለም። የቀሩት ሰዎች ቃል ኪዳናቸውን ካልጠበቁ ብቻ ነው መታሰቢያ የሚያጣው።

ጠላት ይህን ያውቅ ነበር። ኢጣልያ ከአርባ ዓመት በኋላ በፋሺስት መንግሥት እየተመራ ተመልሶ በመጣ ጊዜ፣ ሰውን መግደል ብቻ ሳይሆን መቃብሩንም ማሳጣት ሥራው ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት የተገደሉት አቡነ ጴጥሮስ ሕዝባቸው የሚሰበሰብበት መቃብር አልተተወላቸውም። በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ ከተፈጸመው ጭፍጨፋ በኋላ፣ ከዚያው ገዳም የተወሰዱ ዲያቆናት በደብረ ብርሃን አቅራቢያ እንገጫ በተባለ ሥፍራ ተረሽነዋል። ይህ የሆነው ከፊታውራሪ ገበየሁ መቃብር ብዙ ባልራቀ ምድር ነው። አንዱ በክብር ተቀብሮ በሚታይበት አገር ሌሎች በጅምላ አፈር እንዲለብሱ ተደረገ። ሆኖም ሕዝቡ ሰማዕታቱን አልረሳም፤ ስማቸው በየዓመቱ በጸሎትና በሐውልት ሥር ይታሰባል።

በዘመናችንም ቢሆን ይፋት ከዚህ ኀዘን አላመለጠም። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ደብረ ሲና አካባቢ በደረሰ ጊዜ፣ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ተሰዷል፤ ብዙ ቤትም የሟች ቤት ሆኗል። ልጁን አግኝቶ በደብሩ የቀበረ አለ፤ መርዶ ብቻ የሰማ አለ። ዛሬ በይፋት ቆላ ስለ ወታደር ቀብር የሚነገር ነገር ሁሉ ከታሪክ መጽሐፍ የተወሰደ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ያለ እንባ ነው። እኛም ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ያሰብነው በመጀመሪያ እነዚህን ቤቶች ነው።

በወታደር ቀብር ላይ

እንግዲህ ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ደረጃ በቀብሩ ላይ መገኘት ነው። ወታደር የዘመተው ለቤተሰቡ ብቻ ስላልሆነ የሚቀብረውም ቤተሰቡ ብቻ ሊሆን አይገባም። በይፋት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን ሬሳ ሲሸኝ፣ በድንኳኑም ተቀምጦ ሲያጽናና የኖረ ሕዝብ ነው። አንድ ጦር ሜዳ ላይ አብረው የወደቁ ልጆች ካሏቸው ደግሞ ይህ ልማድ የበለጠ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ሥርዓቱን ማክበር ነው። ሰንደቅ ዓላማ የለበሰ ሣጥን ሲያልፍ ቆሞ መቀበል፣ ባርኔጣ ማውለቅ፣ ጓዶቹ የመጨረሻውን ሰላምታ ሲሰጡና የክብር ተኩስ ሲተኮስ ዝም ማለት ከእኛ ብዙ የሚጠይቅ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና የሠራዊቱ ሥርዓት እርስ በርሳቸው አይጋጩም። ካህናቱ መጽሐፈ ግንዘቱን አንብበው ነፍሱን ለፈጣሪ አደራ ይሰጣሉ፤ ጓዶቹ ደግሞ አገልግሎቱን ለአገር ይመሰክራሉ። በጸሎቱ ጊዜ ወሬ ማውራት፣ በተኩሱ ጊዜ እንደ ጨዋታ መሯሯጥ፣ የኀዘንተኛውን ፊት ለመመልከት መጋፋት ግን ሁለቱንም ሥርዓት ያጎድፋል።

ሦስተኛው የሟቹን ክብር በማዕረጉ አለመለካት ነው። ፊታውራሪ ገበየሁ ትልቅ ሹም ነበሩ፤ ነገር ግን ለአገራቸው አፈር ያበቃቸው ሹመታቸው አልነበረም። በራሳቸው ኑዛዜ መሠረት ፊታውራሪ ሆነው ሳለ ቢሸሹ ኖሮ በወደቁበት በቀሩ ነበር። ያ ሚዛን ለተራው ወታደርም እኩል ይሠራል። ከፊት ቆሞ የወደቀ የድሀ ልጅ ከአንጎለላው ፊታውራሪ ያነሰ ቀብር አይገባውም። ትልቁ ሰው ሲቀበር ከተማው ሁሉ ወጥቶ፣ የባላገሩ ልጅ ሲቀበር እድሩ ብቻ ቢገኝ አደራውን በግማሽ እንደ መጠበቅ ይሆናል።

አራተኛው ከቀብር በኋላ ያለው ነው። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ የሟቹ እናት፣ ሚስትና ልጆች ይቀራሉ። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት ስም ዝክር የሚያወጣ፣ በስሟም ቀዝቃዛ ውኃ ለተጠማ የሚያጠጣ ክርስቲያን፣ በሰፈሩ ያለችውን የወታደር እናት በዚያ ማዕድ ቢያስቀድማት በዓሉን በሙላት አከበረ ማለት ነው። በጉልበት ማነስ ያልታረሰ መሬት እንዳላት፣ ልጆቿም ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ መጠየቅም ከተዝካር የማያንስ መታሰቢያ ነው። በዕድሜ ገፍተው በየቤታቸው የሚገኙትን የቀድሞ ዘማቾች በሕይወት ሳሉ መጎብኘትም የዚሁ ሥራ ክፍል ነው።

ወደ አንጎለላ የሚሄዱ ምእመናንና ጎብኚዎችም ይህን እንዲያስቡ እንወዳለን። በዚያ ያለው አፅም እንደ ልዩ ትርኢት የሚታይ ዕቃ ሳይሆን ኑዛዜው የተፈጸመለት ሰው ነው። ስለዚህ ሰው ወደዚያ ሲገባ ወደ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሆኖ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ጸሎት አድርሶ ቢወጣ መልካም ነው። ከቆላው የሚመጣ መንገደኛ ደግሞ ጣርማበርን አልፎ ወደ አንጎለላ ጎራ ባለ ጊዜ፣ ከፊታውራሪው ጋር ወደ አድዋ ወጥተው ያልተመለሱትን የራሱን አገር ሰዎች አብሮ ቢያስብ የፊታውራሪው መቃብር የእነርሱም መታሰቢያ ይሆናል።

ፊታውራሪ ገበየሁ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። አፅማቸውን ከአድዋ ያነሡት፣ በመንገድ የተሸከሙት፣ በደብሩም መቃብር የቆፈሩት ሰዎች ስም ብዙ ሰው አያውቀውም። ሆኖም ለሙት የገቡትን ቃል ማንም ሳያስገድዳቸው ፈጽመዋል። ሙት አይጠይቅም፤ አይከስስም፤ ዕዳውን ያልከፈለውን ሰው አያሳፍርም። ለሙት የተገባ ቃል ስለዚህ ከሁሉ የከበደ ቃል ነው። እመቤታችን በመቃብር ሥፍራ የተቀበለችውን ኪዳን ተስፋ የምናደርግ እኛም፣ ስለ እኛ ለሞቱት የገባነውን ቃል ብንጠብቅ በዓሉን እንደ ሥርዓቱ አከበርን ማለት ይቻላል።

በየጦር ሜዳው የወደቁትን ሁሉ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር በዕረፍት ቦታ ያኑርልን። ለኀዘንተኞች ቤተሰቦች መጽናናትን፣ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥልን። ለክርስቲያን አንባቢዎቻችን ሁሉ መልካም የኪዳነ ምሕረት በዓል እንዲሆንላቸው እንመኛለን።